በመዝገብ የፈላ ውሃ

እጅሽ ቆሻሻ ነው ተብሎ በመንግሥት ወረቀት የተጻፈብኝ ሴት ነኝ እኔ። ጠይባ እባላለሁ። ሰባት ወልጄ አምስቱን አሳድጌያለሁ፤ መካነ ሰላም ውስጥ ሰርግም ይሁን ለቅሶ ትልቁ ድስት የሚሰጠው ለእኔ ነው። በቀን አምስት ጊዜ ታጥቤ፣ ውዱእ አድርጌ የምሰግድ ሰው ነኝ። እና እጅሽ ቆሻሻ ነው! ኧረ ምነው ሸዋ! ወላሂ ዛሬም ትዝ ሲለኝ አንጀቴ እርር ይላል። እናንተም ስሙኝና ፍረዱ።

ነገሩ የመጣው በፋጢማ የውሃ ማሞቂያ ነው። ፋጢማ አጥር የምትጋራኝ ጎረቤቴ ናት። ጅዳ ያለችው እህቷ ገንዘብ ልካላት፣ ነጭ በርሜል የመሰለ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከደሴ አስመጥታ ከመታጠቢያ ቤቷ ውጭ ግድግዳው ላይ አሰቀለች። ውሃውን ጣሪያዋ ላይ ካለው ታንከር ይወስዳል፤ ከሥሩ አንዲት ቧንቧ አለችው፣ ስትከፈት ሙቅ ውሃ ይወርዳል። የአገራችንን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ለውዱእ፣ ለልጆች ገላ፣ ለልብስ እንዲህ ያለ ነገር ጸጋ ነው። በዚያ ብቻ ቢያበቃ እኔም ዱዓ አድርጌላት ዝም እል ነበር።

ያኔ ኢሕአዴግ ነው፤ ሁሉ ነገር አንድ ለአምስት ነው። አምስት ቤት በአንዲት መሪ ይጠረነፋል፤ ሽንት ቤት ቆፈራችሁ ወይ፣ ልጆቻችሁን አስከተባችሁ ወይ፣ ውሃ አፍልታችሁ ትጠጣላችሁ ወይ እየተባለ በየወሩ ቅጽ ይሞላል። የእኛ መሪ ፋጢማ ነበረች። ከሥሯ እኔ አለሁ፣ ሐረግ አለች፣ ሌሎች ሦስት ቤቶች አሉ። ቅጹን የሚሰበስበው የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ቢሻው ነው። ቢሻው ክፉ ሰው አይደለም ይሉኛል። ቁጥርን ከሰው የሚያስበልጥ ሰው ክፉ ካልተባለ ክፉ የሚባለው ማን እንደሆነ እኔ አላውቅም።

ቢሻውን እንቅልፍ የነሳችው ያቺ የውሃዋ ጥያቄ ነበረች። ሌላው ሁሉ ሞልቶለት፣ ‹‹ውሃ አፍልቶ የሚጠጣ ቤት›› የምትለዋ ብቻ አልሞላ አለችው። ማን ያፈላል? ውሃው በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው፤ ማገዶው ከቆላ በአህያ ተጭኖ ነው የሚወጣው። ለሻይ የጣደ ሰው ለመጠጥ ደግሞ ለብቻው ይጥዳል እንዴ? ታዲያ ማሞቂያው በተሰቀለ ዕለት ቢሻው እንኳን ደስ ያላችሁ ሊል መጣና ቧንቧዋን ከፈታት። የዚያን ቀን እውነትም ይፋጅ ነበር፤ እንፋሎቱ ፊቱን ሸፈነው። እጁን ሰብስቦ ሳቀና፣ ‹‹በቃ፣ አምስቱ ቤት ከዚህ ይቅዳ! የፈላ ውሃ ማለት ይኸ አይደል?›› አለ። እኛ ጥያቄ መስሎን ነበር፤ ለካ ትእዛዝ ኖሯል።

ከዚያ በኋላማ በየጠዋቱ ፔርሙዛችንን ይዘን ፋጢማ በር ላይ መሰለፍ ሆነ። ፋጢማ ትሞላልናለች፣ በደብተሯም ምልክት ታደርጋለች። ብዙም ሳይቆይ ቡድናችን በፈላ ውሃ መቶ በመቶ ሆነ ተባለ፤ ፋጢማም የሞዴል ቤተሰብ ሰርተፊኬት ተቀብላ ሳሎኗ ሰቀለች። ከሌላ ቀበሌ፣ ኧረ ከሩቁ አጅባር ሳይቀር፣ ለልምድ ልውውጥ እየተባለ ሰው መጥቶ ማሞቂያውን ቆሞ ያየዋል፤ ቢሻው ያስረዳል፣ ሰው ያጨበጭባል። ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል ይባል የለ? እኛ ዓባይን አፍንጫችን ሥር አስቀምጠን በርሜል አመሰገንን።

አሁን ወደ እኔ ልመለስ። ልጄ ሀናን ሪያድ ናት። ስትሄድ ልጇን ሱሀይላን በስድስት ወሯ ለእኔ ትታት ሄደች። ባሏ አህመዲን ከላላ በምትባለው ወረዳ ነው ያለው፤ ከእናቱ ጋር እርሻውን ይዞ ይኖራል። እሱ ‹‹እናቴ ታሳድጋት›› ብሎ ነበር፤ ሀናን ግን ‹‹የለም፣ ከእናቴ እጅ አትወጣም›› ብላ ረታችው። ስለዚህ ልጅቱን ሳሳድግ የሰው ዓይን አለብኝ፤ አንድ ነገር ብትሆን ማን ይለቀኛል? እሱንም ተዉት። ባሌ ሞቷል፤ ልጆቼ ሁሉ በያገሩ ተበትነዋል። ጠዋት በጣቷ አፍንጫዬን ይዛ የምትቀሰቅሰኝ እሷ ናት። እሷ ከሄደች ያ ቤት ለእኔ ምኔ ነው?

የጡጦዋን የዱቄት ወተት ሀናን ትልካለች፤ የምበጠብጠው ከፋጢማ በቀዳሁት ውሃ ነው። መጀመሪያ ሰሞን፣ ‹‹ይኸ ውሃ ለብ ያለ ነው እኮ›› ብዬ ፋጢማን ጠይቄያት ነበር። ‹‹ውስጥ ነው የሚፈላው እትዬ ጠይባ፤ በቧንቧው ሲወርድ ይበርዳል›› አለችኝ። እኔም ሞኟ፣ ይልቅ ለጡጦ ተመቸኝ፣ ማቀዝቀዙ ቀረልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ልጅቱን መጀመሪያ ሲያስቀምጣት ጥርስ ልታወጣ ነው አልን። ሁለተኛ ሲያስቀምጣት ዓይን በልቷት ነው ተባለ። በሦስተኛው ግን ጠዋት ሳነሳት ዓይኗ ጎድጉዷል፣ እርግብግቢቷ ሰርጉዷል፣ ታለቅሳለች እንባ የላትም። ያ ረቢ! ነጠላዬን እንኳ በወጉ ሳልለብስ አዝያት ጤና ጣቢያ በረርኩ፤ ሐረግ ከኋላዬ ትሮጣለች።

እዚያ በእውቀቱ የሚባል ወጣት ጤና መኮንን አለ። ሐሰት አልናገርም፤ ልጅቱን ያተረፋት እሱ ነው። ግሉኮስ ሰካላት፣ ለምለም የሚሉትን የጨውና የስኳር ብጥብጥ በማንኪያ በማንኪያ እየሰጠ እስከ ከሰዓት አጠገቧ ዋለ። ሽንት ስትሸና ሦስታችንም ሳቅን። ከዚያ ወረቀቱን አውጥቶ መጠየቅ ጀመረ።

‹‹እማማ፣ ውሃዋን አፍልተው ነው የሚሰጧት?››

‹‹የፈላ ነው ልጄ።››

‹‹የማን ልማት ቡድን ነዎት?››

‹‹የፋጢማ።››

አንድ ትልቅ መዝገብ ገለጠ። በጣቱ ወደ ታች እየወረደ ፈለገ። ‹‹አዎ፣ የፋጢማ ቡድን በፈላ ውሃ መቶ በመቶ ነው። እንግዲህ ውሃው ካልሆነ የቀረው እጅ ነው›› አለና የሱሀይላ ካርድ ላይ ጻፈ። እኔ ማንበብ አልችልም፤ ሐረግ አጎንብሳ አነበበችና ፊቷ ተለወጠ። ‹‹ምን ይላል?›› አልኳት። ‹‹ተይው እትዬ›› አለችኝ። ‹‹ንገሪኝ!›› ስላት፣ ‹‹የአሳዳጊ የእጅ ንጽሕና ጉድለት›› ብላ ቀስ አድርጋ ነገረችኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ‹‹ልጄ፣ እኔ እኮ በቀን አምስት ጊዜ የምታጠብ ሰው ነኝ›› ብለው፣ ‹‹በሳሙና ነው?›› አለኝ። በሳሙና! እሱ ሳይወለድ በፊት የስንት አራስ ልጅ ያጠብኩ ሴት ነኝ! ግን ልጅቱን ያተረፈልኝን ሰው ምን ልበለው? ምላሴን ነክሼ አዝያት ወጣሁ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። የአህመዲን ዘመድ ለካ እዚያው ተራ ይጠብቅ ኖሯል፤ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ከላላ ገባ። አርብ ሀናን ደወለች። እንደ ወትሮው ‹‹ሱሀይላን ስጪኝ፣ ድምጿን ልስማ›› አላለችም።

‹‹እማዬ፣ አህመዲን ሁሉንም ነግሮኛል። በአራት ወር ሦስት ጊዜ!››

‹‹እኔን አታምኚኝም ሀናን?››

‹‹አንቺን አምንሻለሁ፤ ግን ሐኪም የጻፈውን ምን ልበለው? እኔ እዚህ የሰው ልጅ ሳጥብ ውዬ ልጄ እንድትሞትብኝ ነው? ለጊዜው ከላላ ትሂድ። በሚመጣው ሐሙስ አህመዲን መጥቶ ይወስዳታል›› አለችና ስልኩን ዘጋችው። የወለድኳት ልጅ! በዚሁ እጄ አጥቤ፣ አጉርሼ ያሳደግኳት! ስልኩን ጭኔ ላይ አስቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሱሀይላ እየዳኸች መጥታ እንባዬን ስትነካው ደግሞ ባሰብኝ።

ይህን ሁሉ ብቀየምም አማች አማች ነው፤ ባዶ ቤት አይገባም። ረቡዕ አንዲት ዶሮ ገዝቼ ሰው ለምኜ አሳረድኩ። ፔርሙዜ ሙሉ ስለነበር፣ የፈላ ውሃ እያለ ለምን እሳት እለኩሳለሁ ብዬ ዶሮዋን ሳፋ ውስጥ አጋድሜ አፈሰስኩባት። ላባዋን ስስበው እምቢ አለኝ። ገልብጬ እንደገና አፈሰስኩ። እምቢ! ፔርሙዙ እስኪያልቅ ባፈስ አንዲት ላባ አልነጭም አለች፤ ዶሮዋ ገላዋን የታጠበች ነው የምትመስለው።

ቆሜ ቀረሁ። ዶሮ ያልነጨ ውሃ የፈላ ነው የሚለኝ ማነው? ወዲያው ከሰል አያያዝኩና ሌላ ውሃ እስኪንተከተክ አፍልቼ ያችኑ ዶሮ ነከርኳት። ላባው በአንድ መዳፍ ሙልጭ ብሎ ወጣ። ፔርሙዙን ደግሞ ዘቅዝቄ ባራግፈው ከሥሩ ዝገት የመሰለ ደለል ወረደ። አራት ወር ሙሉ ያችን ገና ጡጦ የምትጠባ ልጅ ያጠጣኋት ይኸንን ነው። እኔው ራሴ፣ በዚህ እጄ፣ ‹‹ጠጪ የኔ እናት›› እያልኩ! ያን ሰዓት የተሰማኝን ንዴት ለጠላቴም አልመኝለት።

እየበረርኩ ፋጢማ ግቢ ገባሁ። ማሞቂያውን ለመጀመሪያ ጊዜ ልብ ብዬ አየሁት። ከበርሜሉ እስከ ቧንቧው አፍ አንድ ስንዝር ነው።

‹‹ፋጢማ! ውሃው በዚች ስንዝር ነው የሚበርደው?››

ፋጢማ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ምንም ልትክደኝ አልሞከረችም። ‹‹እትዬ ጠይባ፣ ሙሉ ሳበራው የቤቱ መብራት እየጠፋ አስቸገረኝ፤ ያችን ከሥሩ ያለችውን የሙቀት መዞሪያ ዝቅ አድርጌያት ነው›› አለችኝ።

‹‹ከመቼ ጀምሮ?››

‹‹ከተሰቀለ በሳምንቱ።››

በሳምንቱ! ‹‹ምነው ታዲያ አትናገሪም? አላህን አትፈሪም?›› ብዬ ጮህኩባት። እንባዋ መጣ። ‹‹የኔም ትንሹ ልጅ ሆዱን ካመመው ሰነበተ። ጠረጠርኩና ለቢሻው ነገርኩት። ሐሙስ የዞን እንግዶች ይመጣሉ፣ እስከዚያ አፍሽን ዝጊ አለኝ›› አለች። እንግዲህ ሰውዬው ያውቃል ማለት ነው። እያወቀ ፔርሙዛችንን ተሸክመን እንድንሰለፍ ያደርገናል።

ቢሻውን ቀበሌው ደጃፍ ላይ ጨርቅ ሲያሰቅል አገኘሁት። እንኳን ደህና መጣችሁ የሚል ጽሑፍ ነው አሉ። የዶሮዋን ነገር፣ የመዞሪያዋን ነገር፣ የልጅቱን ነገር አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ዓይኑን ከጨርቁ ላይ አላነሳም።

‹‹እትዬ ጠይባ፣ ነገሩን አናካብደው። ክፍተት ካለ ከጉብኝቱ በኋላ በግምገማ እናየዋለን።››

‹‹ክፍተት ትለዋለህ? ልጅ ናት እኮ የታመመችው!››

‹‹ሙቅ ውሃ መቸም ከቀዝቃዛ ይሻላል።››

‹‹እሺ፣ ከሱ ሁሉ አንዲት ነገር አድርግልኝ። ለዚያ ለበእውቀቱ ውሃው አልፈላም ነበር በልልኝ፤ ካርዱን ያስተካክልልኝ። ነገ ልጅቱን ሊወስዱብኝ ነው›› አልኩት። ለመንኩት እኮ፤ እኔ ቢሻውን!

‹‹እሱ የባለሙያ ሥራ ነው፣ ጣልቃ አልገባም›› አለኝ። ትንሽ ሄጄ ሳለ ጠራኝ። ልቡ የራራ መስሎኝ ዞርኩ። ‹‹ነገ የእንግዶቹ ምሳ ላይ እጅዎን ባያስገቡ ጥሩ ነው። የካርዱን ነገር ቢሰሙ ገጽታችን ይበላሻል።››

ገጽታችን! እሱ ገጽታውን ሲያሳምር እኔ ልጄን ልጣ! አፈር ያስበላህ ልለው ነበር፤ ለአፌም አልሆን አለኝና እንዲሁ ትቼው ሄድኩ። ማታ ለሐረግ ስነግራት፣ ‹‹ከዛሬ ጀምሮ እኔም ከሰል ላይ ነው የማፈላው፤ ሰው ፊት ቁሚና ተናገሪ ግን አትበይኝ፣ ባሌ የመንግሥት ሠራተኛ ነው›› አለችኝ። አልፈረድኩባትም።

ሐሙስ ረፋድ ላይ አህመዲን ደረሰ። መንገድ አድሮ ነው የመጣው፤ በቅሎው በላብ ተጠምቃለች። ሰላምታው እንኳ ከጥርሱ ነው። ምሳ አቀረብኩለት፤ ሳህኑን አየ፣ እጄን አየ፣ ‹‹ጠግቤያለሁ እማማ›› አለኝ። ሁለት ቀን በቅሎ ላይ የዋለ ሰው ጠግቤያለሁ! ገባኝ። ከእኔ እጅ መብላት ፈርቶ ነው። የሱሀይላን ልብስ፣ አንሶላዋን፣ የወተት ቆርቆሮዎቿን አንድ በአንድ ተቀብሎኝ በቅሎው ላይ ጫነ።

ልጅቱን ልስጠው ስል እጄ አልታዘዝ አለኝ። ‹‹አህመዲን፣ ልጅህ ናት፤ አልከለክልህም። ግን ከመሄድህ በፊት ከአጥሩ ማዶ አንድ ነገር አይተህ ሂድ›› አልኩት። ‹‹እሺ፣ ቶሎ ይበሉ ብቻ፤ መንገዱ ሩቅ ነው›› አለኝ። ሱሀይላን በአንቀልባ አዝዬ ቀደምኩት።

ፋጢማ ግቢ ዳስ ተጥሏል። ከዞን የመጡት ስድስት ናቸው፤ መሪያቸው መነጽር ያደረገች ቆፍጣና ሴት ናት። በእውቀቱም አለ። ቢሻው ማሞቂያው ሥር ቆሞ ይናገራል። ‹‹ከዚህ ማሞቂያ በመቶ ዲግሪ የፈላ ውሃ በቀጥታ ይቀዳል! አምስት ቤተሰብ አንድ ቀን ሳይቋረጥ ይጠቀማል! ተቅማጥ ከዚህ ቡድን ታሪክ ሆኗል!›› ተጨበጨበ። ልጄን በእቅፉ ይዞ እስከ ከሰዓት የዋለው በእውቀቱ ሳይቀር አጨበጨበ። አህመዲን ከበሩ ወዲያ አልገባም፤ እዚያው ቆመ።

ምሳው ሊቀርብ ሲል ፋጢማ ሳፋውንና ጆጉን ይዛ፣ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች። ቀጥ ብዬ ሄድኩባት። ‹‹አምጪ፣ እኔ ላስታጥብ›› አልኳት። ቢሻው ከማዶ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ‹‹ተይ›› ይላታል። ፋጢማ እሱን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ጀርባዬ ላይ ያለችውን ልጅ አየች። ከዚያ ዞራ የማሞቂያውን ቧንቧ ከፈተችና ጆጉን እስከ አፉ ሞልታ በእጄ ሰጠችኝ። አላህ ጀዛዋን ይክፈላት።

ከመሪዋ ጀመርኩ። ሴትዮዋ እጇን ዘረጋች፤ አፈሰስኩላት። ‹‹ውይ፣ ለብ ያለ ነው! በዚህ ብርድ እንዴት ደስ ይላል፣ ተባረኪ እናቴ›› አለችኝ። ሁለተኛው ታጠበ፣ ሦስተኛው ታጠበ፤ ሁሉም መረቁኝ። በእውቀቱ ጋ ደረስኩ። ጣቶቹን እያሻሸ ሳለ ቀጥ አለ። ጆጉን አየ። ማሞቂያውን አየ።

‹‹እማማ፣ ይኸ ውሃ ከየት ነው የተቀዳው?››

‹‹ከማሞቂያው ነዋ ልጄ! አሁን የተጨበጨበለት፣ በመቶ ዲግሪ የፈላው።››

ሴትዮዋ ፎጣውን እንደያዘች ቀረች። እኔ አንድ እርምጃ ተራምጄ ቢሻው ፊት ቆምኩ። ሁለት እጁን ወደ ኋላው ደብቋል።

‹‹እኔ አልታጠብም፣ ምሳም አልበላም›› አለኝ።

‹‹ምን ሲደረግ! ባለ ጉዳዩ ሳይታጠብ? ይፋጀኛል ብለህ ነው? እንግዶቹን መቸም አልፋጃቸውም። ወይ ፈልቷል ወይ አልፈላም ቢሻው፤ አንዱን ምረጥ!››

‹‹በቧንቧው ሲወርድ እኮ…›› ብሎ ጀመረ። ሴትዮዋ ዞራ ያችን ስንዝር ቧንቧ አየቻት፤ ከዚያ እሱን አየችው። ‹‹አቶ ቢሻው፣ ይታጠቡ›› አለችው።

እጁን ዘረጋ። ቀስ አድርጌ፣ ሳልቸኩል፣ በጆጉ የቀረውን ውሃ በሙሉ አፈሰስኩበት። ጮኾ ቢዘል ደስታዬ ነበር። ወላሂ እላችኋለሁ፣ ቢጮህ ኖሮ ልጄ የፈላ ውሃ ነው የጠጣችው፣ ጥፋቱም የእጄ ነው ብዬ አምኜ አሳልፌ በሰጠኋት። አልጮኸም። ውሃው በጣቶቹ መሐል እየወረደ ሳፋው ውስጥ ተጠራቀመ፤ እሱም ቀና አላለም።

‹‹ይኸውላችሁ!›› አልኩ፤ ድምፄ ለራሴም እስኪያስደነግጠኝ። ‹‹እናንተ እጅ የታጠባችሁበትን ነው ልጆቻችን በጡጦ የጠጡት! አራት ወር! የልጄ ልጅ ልትሞት ስትል፣ ውሃችሁ በመዝገብ ፈልቷልና እጅሽ ነው ቆሻሻ ተባልኩ። ሰው አይጠይቅም? አንድ ሰው መጥቶ ጣቱን ውሃው ውስጥ ቢነክር ምን ነበረበት? ጣት የለውም ይኸ ሁሉ ሰው?››

ሴትዮዋ በእውቀቱን ‹‹ባለሙያው አንተ ነህ አይደል?›› አለችው። እሱ እጁ እንደረጠበ ተነሳ። ‹‹እንዲህ ለብ ብሎ የሚውል ውሃ ከቀዝቃዛውም ይብሳል፤ ጀርም ይራባበታል። ለመታጠቢያ እንጂ ለመጠጥ አይሆንም። የሚጠጣውን ከቀዝቃዛው ቧንቧ ቀድቶ እሳት ላይ እስኪንተከተክ ማፍላት ነው የነበረበት›› አለ። ድምፁ እየደከመ ሄደ። ‹‹እኔ… እማማ፣ ሪፖርቱን አምኜ ነው የጻፍኩት።››

‹‹ሪፖርቱን አምነህ እኔን ካድከኝ›› አልኩት።

ካርዱን ከጉያዬ አውጥቼ ሰጠሁት። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀምጦ የጻፈውን ሰረዘና ሌላ ጻፈ፤ ሐረግ ከአጥሩ ማዶ ቆማ ታይ ኖሮ ገብታ ጮክ ብላ አነበበችው፦ ‹‹ምክንያቱ ያልፈላ ውሃ፤ በአሳዳጊዋ ላይ ጥፋት አልተገኘም።›› ሰው ፊት አልናገርም ያለችው ሐረግ ናት እንግዲህ።

ያን ጊዜ አህመዲን ከበሩ ተነስቶ መጣ። ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። ሁለት እጁን ዘረጋልኝና፣ ‹‹እማማ፣ እኔንም ያስታጥቡኝ›› አለኝ። ፋጢማ ጆጉን ሞላችው፣ አፈሰስኩለት። ውሃውን በመዳፉ አቁሮ ትንሽ ያዘው፣ አሸተተው፣ ከዚያ መሬት ላይ ደፋው። እጁን አራግፎ ወጣ።

ሄዶ በቅሎው ላይ ሊቀመጥ ነው፣ ልጅቱን ከጀርባዬ ሊጠይቀኝ ነው ብዬ ተከተልኩት። ስደርስ በቅሎዋን እያራገፋት ነው። ልብሷን አወረደ፣ አንሶላዋን አወረደ፣ የወተት ቆርቆሮዎቿን ሁለት ሁለት አድርጎ አቅፎ ወደ ቤቴ አስገባ። እኔ በር ላይ ቆሜ አያለሁ። ሲጨርስ ባዶዋን በቅሎ በልጓሟ ይዞ፣ ዓይኔን ማየት ከብዶት መሬት መሬቱን እያየ፣ ‹‹እማማ፣ እዚህ አገር ከሰል በኩንታል የሚሸጠው በየት በኩል ነው?›› አለኝ።

‹‹ከገበያው ከፍ ብሎ ነው›› አልኩት።

በቅሎዋን እየሳበ በዚያ በኩል ሄደ። እኔም ሱሀይላን ከጀርባዬ አውርጄ አንሶላዋ ላይ አስተኛኋት።